የወንዜ ልጅ

ሮም ውስጥ ፖንቴ ማሞሎ የሚባል ሰፈር አለ። «ፖንቴ» በጣሊያንኛ ድልድይ ማለት ነው። «ማሞሎ» የሚለውን ግን እኛ ሐበሾች ስንሰማው ፈገግ እንላለን፤ ማሞ የሚለውን ስም ያስታውሰናል። እዚያ ሰፈር የማውቃቸው አንድ ጋሼ ስልክ ሲደውሉልኝ «ልጄ፣ የማሞ ድልድይ ደርሻለሁ፤ የት ነሽ?» ይሉኝ ነበር።

አማርኛ ውስጥ ደግሞ «የወንዜ ልጅ» የሚባል አነጋገር አለ። ወላጆቻችሁ ሲሉት ሰምታችሁ ይሆናል። ከእኔ ጋር አንድ ወንዝ ውሃ ጠጥቶ ያደገ፣ የአገሬ ሰው፣ ማለት ነው። እኔ የዚህን አነጋገር ትርጉም በደንብ የተረዳሁት አገር ቤት አይደለም። ፖንቴ ማሞሎ እየኖርኩ፣ የዓሣ ጫጩት በሚፈለፈልበት ቦታ ስሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ሮም ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። የምማረው ኮምፒውተር ነው። ለመመረቅ ሦስት ወር የተግባር ልምምድ መሥራት ግዴታ ነበር። ጓደኞቼ ባንክና የስልክ ኩባንያ ገቡ። እኔ ግን አንድ ቀን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ትንሽ ወረቀት አየሁ። ከሮም በስተምሥራቅ፣ ተራሮቹ ውስጥ ያለ አነስተኛ የዓሣ ማባዣ ጣቢያ፣ ውሃውን ሌት ተቀን የሚከታተል ፕሮግራም የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል ይላል። ያኔ ስለ ዓሣ የማውቀው ጥብሱን ብቻ ነበር። ቢሆንም አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ።

ፖንቴ ማሞሎ ቤት የተከራየሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ቲቮሊና ወደ ሱቢያኮ የሚሄዱት ሰማያዊ አውቶቡሶች የሚነሡት ከዚያ ነው። ሰፈሩ በሜትሮ ቢ መስመር ላይ ከመጨረሻው ጣቢያ አንድ ቀድሞ ይገኛል። ቱሪስት አይመጣበትም። ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ በጣሊያኖች አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ፣ ጣቢያው በሠራተኛ ይሞላል። ቤት የሚያጸዱ፣ አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ ግንባታ ላይ የሚውሉ ሰዎች ቡናቸውን ቆመው ጨልጠው ይሮጣሉ። ታዋቂው ጸሐፊና የፊልም ሰው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒም በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ድሃ በነበረበት ጊዜ፣ በዚሁ አካባቢ ኖሯል።

በሰፈሩ አጠገብ አኒየኔ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ቡናማና ዝምተኛ ወንዝ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሄዶ ከትልቁ ከቲቤር ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ዳሩ የጥንት ሮማውያን የዚህን ወንዝ ውሃ ይጠጡ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ272 ከአኒየኔ ውሃ ወደ ከተማዋ የሚያመጣ ቦይ መሥራት ጀምረዋል።

ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ይህን ወንዝ ወደ ላይ ይከተላል። መጀመሪያ ቲቮሊ ይደርሳል። እዚያ አኒየኔ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል ወደ ታች ይወረወራል። ፏፏቴውን ሳይ ጢስ ዓባይ ትዝ ይለኝ ነበር። ከዚያ ሸለቆው እየጠበበ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ወደ ላይኛው ሸለቆ ስንገባ ያ ፖንቴ ማሞሎ ላይ ቡናማ የነበረው ወንዝ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። አንዱ ወንዝ ሁለት መልክ እንዳለው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ማባዣ ጣቢያው አንድ ረጅም ክፍልና ጥቂት ገንዳዎች ብቻ ነው። ሥራው ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማዳን ነው። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ የሚወድ፣ ጎኑ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ዓሣ ነው። የጣሊያን ተራሮች የራሳቸው የሆነ፣ የሜዲትራኒያን ትራውት የሚባል ዝርያ አላቸው። ሰዎች ግን ለብዙ አሥርተ ዓመታት፣ ለዓሣ አጥማጆች መዝናኛ ብለው፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ትራውት በብዛት እያረቡ ወንዞቹ ውስጥ ሲጨምሩ ኖሩ። የመጣው ዓሣ ከነባሩ ጋር ተዳቀለ። ዛሬ የጥንቱ ዝርያ ሳይቀየር የቀረው በጥቂት የወንዝ ጫፎች ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንግዳው ዓሣ ሊወጣው ከማይችለው ፏፏቴ በላይ።

አለቃዬ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት እንቁላል እንዴት እንደሚወሰድ አሳዩኝ። የሴቷን ዓሣ ሆድ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ሲጫኑት፣ ምስር የሚያክሉ ብርቱካንማ እንቁላሎች ደረቅ ሳሕን ላይ ይፈስሳሉ። የወንዱን ዘር ይጨምሩበታል። ከዚያ በማንኪያ አይደለም የሚያማስሉት፤ በወፍ ላባ ነው። ላባ እንቁላሉን አይጎዳውም። በመጨረሻ ውሃ ያፈስሱበታል። ዓሣዎቹ ወደ ወንዛቸው ይመለሳሉ፤ አይሞቱም።

እንቁላሎቹ በሚፈስ ውሃ ውስጥ በጨለማ ይቀመጣሉ። የሚፈለፈሉበት ቀን በሂሳብ ይታወቃል። የየቀኑን የውሃ ሙቀት ትደምራላችሁ፤ ድምሩ ከ400 በላይ ሲሆን ጫጩቶቹ ይወጣሉ። ውሃው 10 ዲግሪ ከሆነ ከ40 ቀን ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ማለት ነው። እስከዚያ የሞተ እንቁላል ነጭ ይሆናል፤ ሻጋታ ያወጣና ጎረቤቱን ይበክላል። ስለዚህ በየቀኑ በወረንጦ እየተለቀመ ይወጣል። ማስተርስ የምማረው ሴት ጠዋት ጠዋት ነጭ እንቁላል ስለቅም ነበር፤ ልክ እናቴ ምስር ስትለቅም እንዳየኋት።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በየቀኑ «ንጹሕ ዝርያ»፣ «የተዳቀለ» የሚሉ ቃላት እሰማለሁ። ጣሊያን አገር፣ ቆዳዬ ጥቁር ሆኖ፣ እነዚህን ቃላት ስሰማ ደስ አይለኝም። የፋሺስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ስለ ሰው ዘር ያወጣቸውን ሕጎች አንብቤያለሁ። አንድ ቀን አለቃዬን በቀጥታ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው ወረንጦውን አስቀመጡ። «ሰው አንድ ዝርያ ነው» አሉኝ። «ሰው እግር አለው፣ ያስባል፣ ይመርጣል። ይህ ዓሣ ግን አልመረጠም። እኛ ነን በመኪና ጭነን ያፈሰስነው። እዚህ የማስተካክለው የዓሣን ጥፋት አይደለም፤ የእኔን ነው። ወጣት ሆኜ ከሚያፈስሱት አንዱ ነበርኩ።» ከዚያ በኋላ እኒህን ሰው ይበልጥ ወደድኳቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

የሠራሁት ፕሮግራም የየገንዳውን የውሃ ሙቀትና ፍሰት በሴንሰር ይለካል። ፍሰቱ ከቀነሰ የአለቃዬ ስልክ ይጮኻል። ችግሩ ሴንሰሮቹ በየጊዜው ግንኙነታቸው ይቋረጥ ነበር። ውሃው ደህና ሆኖ ሳለ ስልኩ በሌሊት ይጮኻል፤ ሽማግሌው ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በብርድ ይሄዳሉ፤ ምንም የለም። ሦስት ሌሊት እንዲህ ሆነ። አፈርኩ። እናም አንድ ማታ ፖንቴ ማሞሎ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ አንድ መስመር ኮድ ጨመርኩ። ሴንሰሩ ዝም ካለ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ እንዲቀጥል አደረግኩ። ጩኸቱ ቆመ። ሁሉም ተደሰተ። ለአለቃዬ ግን ምን እንዳደረግኩ አልነገርኳቸውም።

በፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ሌሊቱን ኃይለኛ ማዕበል ተነሣ። የሴንሰሮቹ መብራት ተቋረጠ። ነፋሱ ያረገፈው ቅጠል ደግሞ የአንዱን ገንዳ የውሃ መግቢያ ወንፊት ደፈነው። ውሃው ቆመ። ሊፈለፈል የደረሰ እንቁላል ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። የእኔ ፕሮግራም ግን ሌሊቱን ሙሉ የማታውን ቁጥር እያሳየ «ደህና ነው» ይል ነበር።

ጠዋት ስደርስ አለቃዬ ገንዳው አጠገብ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ከአራቱ ገንዳዎች አንዱ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አልጮሁብኝም። «ለምን አልነገረኝም?» ብቻ አሉ። ኮዱን ከፍቼ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወረንጦ ሰጡኝ። ሁለታችንም እስከ ማታ ነጩን ስንለቅም ዋልን። በአውቶቡስ ስመለስ ሥራውን ለመተው ወስኜ ነበር። የስንብት ደብዳቤውንም ስልኬ ላይ ጽፌያለሁ።

ፖንቴ ማሞሎ ስወርድ ጋሼ ቡና ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ «ነይ፣ እንራመድ» አሉኝ። ከጣቢያው ብዙ ሳንርቅ አንድ ባዶ መሬት ጋ ቆሙ።

«እዚህ ነበር ቤቴ» አሉ።

ታሪኩን ከዚያ በፊት በከፊል ሰምቻለሁ። በዚህ ቦታ ለዓመታት ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች ነበሩ። ኤርትራውያን፣ ኢትዮጵያውያን፣ ዩክሬናውያንና የላቲን አሜሪካ ሰዎች አብረው ይኖሩባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2015 አቡነ ፍራንቸስኮስ፣ የሮማው ሊቀ ጳጳስ፣ ማንም ሳይጠብቅ መጥተው ነዋሪዎቹን ጎብኝተዋል። ሦስት ወር ሲሞላ፣ በሜይ 11፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቡልዶዘሮች መጥተው ሰፈሩን አፈረሱት። ብዙዎች ከጣቢያው አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ አደሩ። ጋሼም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ።

ስለ እንቁላሎቹ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ስለ ጣና ነገሩኝ። ያደጉት ፎገራ ነው፤ ጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ ከሚገባበት አጠገብ። በልጅነታቸው በደንገል ታንኳ ነበር የሚያጠምዱት። ደንገል ውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር መሰል ተክል ነው፤ ታንኳ ይሠራበታል። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ መጣ። ጋሼ ጎረምሳ ሲሆኑ በአንዱ ጀልባ ተቀጠሩ።

«ነጭ ዓሣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ለመውለድ ወደ ላይ ይወጣል» አሉኝ። «እኛም እናውቃለን። ስለዚህ መረቡን የት ነው የምንዘረጋው? ወንዙ አፍ ላይ። ቤታቸው በር ላይ ነው የምንጠብቃቸው። ሆዳቸው እንቁላል እንደያዘ ነበር የምናወጣቸው። ከላይ ደግሞ በብርብራ ፍሬ ውሃውን መርዘው የሚያጠምዱ ነበሩ። ጀልባው ሲሞላ እንዘፍናለን። ከጊዜ በኋላ መረቡ እየቀለለ መጣ። ያን ጊዜ 'ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ሌላ ቦታ ሄደዋል' አልን። እውነቱን ብናውቅም ደህና ነው አልን።»

ማታ ቤቴ ገብቼ አነበብኩ። ጋሼ ያሉት በጥናትም የተመዘገበ ነው። ጣና ውስጥ ያሉት ትላልቅ ላቤዮባርበስ የሚባሉ ዓሣዎች 15 ያህል ዝርያዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ስለሚያግድ፣ የጣና ዓሣዎች ለብቻቸው ሆነው በብዙ መልክ ተለወጡ። አንዱ ሌላ ዓሣ ይበላል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ፣ ሌላው ተክል። ተመራማሪዎች እንደጻፉት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ብቻ የእነዚህ ዓሣዎች መጠን በ75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ዋናው ምክንያት ብለው ያስቀመጡትም ያው ነው፤ በመራቢያ ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ።

የገረመኝ ሌላ ነገርም አገኘሁ። ጣሊያኖች ኢትዮጵያን በያዙበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ወደ ጣና የጥናት ቡድን ልከው ነበር። ስለ ዓሣዎቹ የጻፈው ጆርጆ ቢኒ የሚባል ሊቅ ሲሆን ጽሑፉ በ1940 ታትሟል። ስለዚህ የጋሼ ዓሣዎች ከጋሼ በፊት ሮም ገብተዋል ማለት ነው፤ በወረቀት ላይ።

ያን ሌሊት የስንብት ደብዳቤውን አጠፋሁት። የጋሼ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ «እውነቱን ብናውቅም ደህና ነው አልን።» የእኔም ፕሮግራም ያደረገው ይህንኑ ነው። በማግስቱ ያቺን መስመር ሰረዝኳት። በምትኩ ሴንሰር ዝም ሲል ስክሪኑ ላይ በቀይ «አላውቅም» የሚል ቃል እንዲወጣ አደረግኩ። ስልኩም ይጮኻል። አለቃዬ በሌሊት ከንቱ እንዳይመላለሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ገንዳ ሁለተኛ ሴንሰርና ባትሪ ጨመርን። ሥራው ሁለት ሳምንት ወሰደ። መጀመሪያም መሥራት የነበረብኝ ይህንን ነበር፤ ግን አድካሚ ስለሆነ በአንድ መስመር ኮድ አመለጥኩት። ዛሬ በሙያዬ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አዲስ ባልደረባ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው። የማያውቀውን «አላውቅም» የሚል ፕሮግራም ጻፍ እላለሁ።

የቀሩት ሦስት ገንዳዎች በሰላም ተፈለፈሉ። ጫጩት ትራውት ሲወጣ ሆዱ ሥር ብርቱካንማ ከረጢት ይዞ ነው፤ ስንቁ ነው። ስንቁ እስኪያልቅ ሳምንታት ይቆያል፤ ከዚያ ምግብ ፍለጋ መዋኘት ይጀምራል። በማርች መጨረሻ የመልቀቂያው ቀን ደረሰ። አለቃዬን «አንድ እንግዳ ላምጣ?» አልኳቸው። «አምጪ» አሉ።

ጋሼ ያን ቀን ነጭ ሸሚዝና ኮት ለብሰው ነው የመጡት። ከፖንቴ ማሞሎ አብረን በአውቶቡስ ወጣን። በመንገድ ላይ ብዙ አልተናገሩም። የቲቮሊን ፏፏቴ ሲያዩ ግን «ጢስ ዓባይ» አሉ፣ ለራሳቸው።

ጫጩቶቹን በባልዲ ይዘን ወደ አንድ ትንሽ ጅረት ወጣን። እናቶቻቸው የተያዙበት ጅረት ነው፤ የአንዱ ወንዝ ዓሣ ወደ ሌላው አይለቀቅም። አለቃዬ መጀመሪያ ከጅረቱ ውሃ እየቀዱ ባልዲው ውስጥ ጨመሩ፤ ጫጩቶቹ ብርዱን ቀስ ብለው እንዲለምዱት። ከዚያ አንዱን ባልዲ ለጋሼ ሰጧቸው። ጋሼ ጣሊያንኛቸው ጥሩ ነው፤ ግን የሁለቱ ሽማግሌዎች ንግግር አጭር ነበር።

«ዓሣ አጥማጅ ነበርክ አሉኝ» አሉ አለቃዬ።

«ነበርኩ።»

«እኔም ነበርኩ» አሉ አለቃዬ።

ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው ባልዲውን ውሃው ውስጥ አጋደሙት። ጫጩቶቹ መጀመሪያ ፈሩ፤ ጠርዙ ላይ ቆሙ። ጋሼ አልገፏቸውም፤ ጠበቁ። ከዚያ አንድ በአንድ እየሾለኩ በጠጠሩ መካከል ጠፉ። ባልዲው ባዶ ከሆነ በኋላም ጋሼ እጃቸውን ከውሃው ለማውጣት ጊዜ ፈጀባቸው። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነበር።

ስንመለስ ፖንቴ ማሞሎ ድልድይ ላይ ቆመን አኒየኔን አየነው። ቡናማና ዝምተኛ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው። «ያ ጠዋት ያየነው ውሃ ነው ይሄ?» አሉኝ ጋሼ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያ የወንዛችን ልጆች ናቸው» አሉና ሳቁ።

እናንተስ? ወንዛችሁ ማን ይባላል? ምናልባት የተወለዳችሁት ቴምዝ፣ ፖቶማክ ወይም ቲቤር ዳር ይሆናል። እሱ አንዱ ወንዛችሁ ነው። ሌላም ሊኖራችሁ ይችላል። ዛሬ ማታ እራት ላይ እናታችሁን ወይም አባታችሁን «የልጅነትህ ወንዝ ማን ነበር? አሁን እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አላውቅም» ካሏችሁም አትዘኑ። ስልክ አንሡና አገር ቤት ያሉትን አብራችሁ ጠይቁ።